የተሰፋ ሳፋ፣ የተቸነከረ ጫማ፦ ስለ ተጣሉ ዕቃዎች ፎቶግራፍ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የቤት ውስጥ ዕቃዎችን በመስኮት ብርሃን ስለ ማንሳት ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው ከከተማዋ ዳርቻ የተላኩ ሲሆኑ ጉዳያቸውም ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተነዋል። ጸሐፊዎቹ ሰው የጣላቸውን ዕቃዎች በካሜራ ወይም በሞባይል ያነሳሉ፤ ሥራቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ እንዴት እንደሚያሻሽሉትና እስከ የት ድረስ መሄድ እንደሚገባቸው ግን ይጠይቃሉ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን ለአምስቱ እንደሚከተለው መልስ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ በሕንፃዎቹና በገበሬው ማሳ መካከል ባለው ባዶ መሬት ላይ የወዳደቁ ዕቃዎችን በሞባይሌ ማንሳት ልማድ ሆኖብኛል፤ ማሰሪያው የተበጠሰ ነጠላ ጫማ፣ ጆሮው የወለቀ ጀበና፣ የተሰነጠቀ ሳፋ፣ ተፍቆ የተጣለ የሞባይል ካርድ የመሳሰሉትን ነው የማነሳው። ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ ባለቤቴም «ስልክሽ በቆሻሻ ፎቶ ሞላ» ይለኛል። ይህ ጥበብ ሊባል ይችላል? ከተባለስ ማንም ሰው በመንገዱ ላይ ካነሳው ፎቶ የሚለየው ምንድን ነው? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ ከብዙ ጊዜ በፊት መልስ ያገኘ ነው። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፔን በቮግ መጽሔት የፋሽን ፎቶግራፎቹ በዓለም የታወቀ ባለሙያ ነበር። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1972 ከኒው ዮርክ ጎዳናዎች የተለቀሙ የሲጋራ ቁራጮችን ወደ ስቱዲዮው አስገብቶ፣ ለታዋቂ ሞዴሎች ይሰጠው የነበረውን ጥንቃቄ ሁሉ ሰጥቶ አነሳቸው፤ ምስሎቹንም በፕላቲነም፣ ማለትም በነጭና በጥቁር መካከል ያሉትን የግራጫ ደረጃዎች አብዝቶ በሚያሳይና ለረጅም ዘመን በማይደበዝዝ ውድ የኅትመት ዘዴ አተማቸው። በ1975 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለእይታ ቀረቡ። ፔን በዚህ ሳይወሰን በመኪና የተጨፈለቀ የወረቀት ኩባያ፣ በእግር የተረገጠ ጓንትና ይህን የመሰለውን የመንገድ ውድቅዳቂ በተመሳሳይ መንገድ አንስቶ በ1977 በሜትሮፖሊታን ሙዚየም አሳየ። ከእርሱ በፊት ዎከር ኤቫንስ በ1955 ፎርቹን በተባለው የንግድ መጽሔት ላይ ፒንሳን፣ መፍቻንና የቆርቆሮ መቀስን የመሳሰሉ ርካሽ መሣሪያዎችን አንድ በአንድ በባዶ መደብ (ከዕቃው ኋላ በሚታይ ገጽ) ላይ አቅርቦ ነበር። እንግሊዛዊው ኪት አርናት ደግሞ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከቆሻሻ መጣያ ስፍራ የተገኘ የተበላሸ ምግብን በጣም ቀርቦ በቀለም ሲያነሳ፣ በፕላስቲክ ከረጢቶች ውስጥ ሰርጎ የሚመጣውን ብርሃን መደብ አድርጎ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ የሚስቁበት ነገር በታላላቅ ሙዚየሞች ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሆኖታል። ለሳቁ መልስ ይሆናል ብለን ግን አንጠብቅም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስባል። ፔን የሲጋራውን ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ አንስቶ ትቶት ቢሆን ኖሮ ቀልድ ሆኖ ይቀር ነበር። ሥራውን ሥራ ያደረገው ደንብ አውጥቶ መቀጠሉ ነው፦ አንድ ዓይነት መደብ፣ አንድ ዓይነት ርቀት፣ አንድ ዓይነት ብርሃን፣ እና ዕቃው ስለ ራሱ እንዲናገር ፎቶ አንሺው ራሱን ወደ ኋላ ማድረጉ። ደንብ ሲኖር በምስሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ከዕቃው ይመጣል፤ ተመልካቹም ያንን ልዩነት ማንበብ ይጀምራል። ደንብ ከሌለ ግን አንዱን ከአንዱ የሚለየው የዕለቱ አየርና የእርስዎ መቆሚያ ስለሚሆን ዕቃው ይጠፋል።

ይህን ካልን በኋላ የእነዚህን ሰዎች ሥራ እንዳለ መቅዳት እንደማይገባ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም የእኛ ውድቅዳቂ ከእነርሱ የተለየ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ዕቃ መሬት ላይ ወድቆ ከመታየቱ በፊት በብዙ እጅ አልፏል። ጠርሙስ፣ ብረታ ብረት፣ ጀሪካን ወይም አሮጌ ድስት ቢሆን በየሰፈሩ እየተጣራ የሚዞረው ቁራሌው ገዝቶት ይሄድ ነበር። አሮጌ ልብስ ቢሆን በላስቲክ ዕቃ የሚለውጡት ልዋጮች ይወስዱት ነበር። በርሜልና ቆርቆሮ ቢሆን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ ተቀጥቅጦ ምድጃ ወይም ሌላ ዕቃ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ያለቀ የመኪና ጎማ እንኳ ተቆርጦ በረባሶ ይሆንና እንደገና ዓመታት መንገድ ይሄዳል። እንግዲህ እርስዎ በባዶው መሬት ላይ የሚያገኙት ዕቃ እነዚህ ሁሉ አይተውት ያለፉት ነው። ኒው ዮርክ ላይ የወደቀ ዕቃ ባለቤቱን አሰልችቶት የተጣለ ሊሆን ይችላል፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ የወደቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ የሚጠገንበት ቦታ ያጣ ነው።

ስለዚህ ምክራችን ጥገናውን እንዲያነሱ ነው። የሳፋውን ስንጥቅ ቀርበው ይመልከቱ፦ ግራና ቀኙ በጋለ ሚስማር ተበስቶ በሽቦ ወይም በሲባጎ ተጠልፎ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ላስቲክ እየቀለጠ ተንጠባጥቦበታል። ስፌቱ እኩል እኩል ከሆነ ሰፊው ጊዜ ነበረው፤ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ከሆነ ውኃ ሊቋረጥ ሲል ተቸኩሎ የተሠራ ይመስላል። ከስፌቱ አልፎ የሄደ ሁለተኛ ስንጥቅ ካለ ደግሞ ሳፋው ተጠግኖ ከቆየ በኋላ እንደ ገና ተሰንጥቋል ማለት ነው፤ የተጣለውም ያን ጊዜ ነው። ነጠላ ጫማውንም ገልብጠው ይዩት፤ ማሰሪያው ከሥሩ እንዳይወጣ ሚስማር ተሰክቶበት ወይም ሊስትሮ በናይለን ክር ሰፍቶት ይሆናል፤ ተረከዙ በየት በኩል እንደ ሳሳ ባለቤቱ እንዴት ይራመድ እንደ ነበር ይናገራል። ጀበናው ላይ ደግሞ ጆሮው የወለቀበትን ቦታ ያጢኑ። ስብራቱ የሸክላውን ጥሬ ቀለም እንደ ያዘ ከሆነ እንደ ተሰበረ ወዲያውኑ ተጥሏል፤ ስብራቱ ራሱ በጥላሸት ከጠቆረ ግን ከተሰበረ በኋላም በጨርቅ እየተያዘ ሲፈላበት ኖሯል። ይህን ልዩነት በግልጽ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ምንም ማብራሪያ አይፈልግም። የሞባይል ካርዱም ቢሆን ቀላል አይደለም፦ አንዱ በሳንቲም ጠርዝ በሥርዓት ተፍቋል፣ ሌላው በጥፍር እስከ ቁጥሩ ድረስ ተጭሮ ተበላሽቷል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው የአየር ሰዓት በስልኩ ስለሚሞላ ይህ ካርድ እየቀነሰ የሚሄድ ዕቃ ነውና ዛሬ ማንሳትዎ ነገ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ከኮንዶሚኒየሙ ዳርቻ የሚገኝ አንድ ዕቃ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይስበናል፤ የቀን ሠራተኞች የሚጥሉት የግንባታ ጓንት ነው። ሲሚንቶ ጠጥቶ ሲደርቅ የመጨረሻውን የእጅ አያያዝ እንደ ጠበቀ ይደነድናል፤ አካፋ የያዘውና ፌሮ ያጎበጠው አይመሳሰሉም። ፔን ያነሳው ጓንት በመኪናና በእግር ተዳምጦ ጠፍጣፋ የሆነ ነበር። የእኛዎቹ ግን ባለቤታቸው ሲሠራ የነበረውን ሥራ ይዘው የቀሩ ናቸው።

ለጅምር አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ ጫማ። ከመስከረም እስከ ነሐሴ በበጋውም በክረምቱም፣ ከአንድ ርቀትና ከአንድ አቅጣጫ እያነሱ ይቆዩ፤ የተነሳበትን ቀንና ቦታም በማስታወሻ ይያዙ። የባለቤትዎ ቅሬታ ግን በከፊል ትክክል ነው። ካነሱት ውስጥ አብዛኛውን ማጥፋት የሥራው ግማሽ ስለሆነ በየወሩ መጨረሻ ተቀምጠው ጥገናው በግልጽ የማይታይባቸውን ምስሎች ያለ ርኅራኄ ቢያስወግዱ ስልኩም፣ ትዳሩም፣ ሥራውም ይጠቀማሉ።

ጥያቄ፦ የምጠቀመው መካከለኛ ዋጋ ያለው ስልክ ነው። ቀን ላይ ያነሳኋቸው ዕቃዎች ጥላቸው ጥቁር ሆኖ ዝርዝራቸው ይጠፋል፤ ነጭ የብረት ሳህን ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ ቀርቤ ሳነሳ ደግሞ የጣሳው አፍ ተንጋዶ ያብጣል። ካሜራ መግዛት ይኖርብኝ ይሆን? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አይኖርብዎትም፤ ቢያንስ ለጊዜው። የገለጹዋቸው ሦስት ችግሮች ከስልኩ ዋጋ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር ጥቂት ነው።

ብርሃኑን እናስቀድም። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ በአናታችን ትክክል ታልፋለች፤ በሌላውም ወቅት ቢሆን እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከዕቃው ቁመት ያጠረ ነው። ፀሐይ ከፍተኛው ቦታ ላይ የምትደርሰውም በሰዓታችን ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ነው። በዚያ ላይ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን ስለምንኖር አየሩ የሳሳ ነው፤ በጠራ ሰማይ ብርሃኑ ስለታም፣ ጥላውም ጥቁር ይሆናል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ እንዲህ ያለ ብርሃን ስፌትንና ጭረትን ያጠፋል፤ ምክንያቱም ስፌት የሚታየው ብርሃኑ ከጎን መጥቶ እያንዳንዱ ጉብታ የየራሱን ጥላ ሲጥል ነው። ስለዚህ ጥገናን፣ ስፌትን፣ ሙልጭ ያለ ሶልን ለማንሳት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ይውጡ፤ ዕቃውንም ብርሃኑ በስፌቱ ላይ አቋርጦ እንዲያልፍ አድርገው ያስቀምጡ። ብርሃኑ በስፌቱ ርዝመት ቢሄድ ስፌቱ ያው የቀትሩን ያህል ይደበቃል።

የሚያብረቀርቅ ነገር ግን ሌላ ባሕርይ አለው። የተላጠ የብረት ሳህን፣ የተጨማደደ ሃይላንድ፣ ቆርኪና ቆርቆሮ በቀጥታ ፀሐይ ሲነሱ አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነጥብ ሆነው ዓይን ያጭበረብራሉ። ለእነዚህ ክረምት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሚመጣ ማብረቅረቁ ይለሰልሳል፣ የቀለሙም ልጣጭ ይታያል። ጭቃው እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ የለገጣፎን ጭቃ የማያውቅ ሰው ይህን ምክር በቀላሉ ይሰጣል ብለው እንዳያዝኑብን።

የነጩ ሳህን ግራጫ መሆን የካሜራው አስተሳሰብ ውጤት ነው። የብርሃን መለኪያው ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ አድርጎ ስለሚገምት ነጩን ያጨልመዋል፣ ጥቁሩን ጎማ ደግሞ ያነጣዋል። በስልክዎ ማያ ላይ ዕቃውን ተጭነው ይያዙና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ለነጭ ዕቃ ትንሽ ወደ ላይ፣ ለጥቁር ዕቃ ትንሽ ወደ ታች ይግፏት። የጣሳው መንጋደድ የመጣው ደግሞ የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ እይታ ያለው ስለሆነ ነው፤ በጣም ሲቀርቡት ከፊት ያለውን ክፍል ከኋላው አብልጦ ያገዝፋል። አንድ ሜትር ያህል ይራቁና፣ ስልክዎ ሁለተኛ ሌንስ ካለው በሁለት እጥፍ ማቅረቢያው ይጠቀሙ፤ ከሌለው ርቀው አንስተው በኋላ ጠርዙን ይቁረጡ። ከሁሉም በፊት ግን ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉት። የአሸዋና የጠጠር መኪና በሚመላለስበት ሰፈር ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ሌንሱ በአቧራ ስለሚሸፈን ብዙ ሰው የስልኩ ድክመት የሚመስለው ይኸው ነው።

መደቡን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። በበጋ የሚሰነጣጠቀው መረሬ አፈር ለብቻው ሲታይ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የሳፋው ስንጥቅ በመሬቱ ስንጥቅ ላይ ሲያርፍ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተገልብጦ፣ ወይም አንድ ሜትር አቡጀዲ ተዘርግቶ በቂ መደብ ይሆናል። ከጥላው በኩል ነጭ ካርቶን ቢያቆሙ ብርሃኑን መልሶ ስለሚረጭ የጨለመው ወገን ይገለጣል።

ጥያቄ፦ ያገኘሁትን ዕቃ ከቦታው አንስቼ ቤት ወስጄ፣ አጥቤና አሰማምሬ ባነሳው ማጭበርበር ይሆንብኛል? (ከሰበታ)

መልስ፦ ከቦታው ማንሳቱ ማጭበርበር አይሆንም፤ ማጠቡ ግን ሥራውን ይጎዳል። ዕቃውን በወደቀበት ቦታ የሚያነሳ ሰው ስለ ቦታውም ይናገራል፤ ወደ ቤት የሚወስደው ስለ ዕቃው ብቻ ይናገራል። ፔን ሁለተኛውን መርጧል። የእኛው ኤልያስ ስሜም በሥራዎቹ፣ ምንም እንኳ ፎቶግራፍ ባይሆኑም፣ ከመርካቶ የተሰበሰቡ የኮምፒውተር ቁልፎችን፣ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችንና ሽቦዎችን አስተካክሎ፣ ጠልፎና ሸርቦ በትልልቅ ሰሌዳ ላይ ያሰፍራቸዋል፤ ከመስከረም አሰግድ ጋር በመካኒሳ ያቋቋሙትንና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ቢጎበኙ የተጣለ ነገር በትዕግሥት ሲያዝ ምን እንደሚሆን በዓይንዎ ያያሉ። አንዱን መንገድ ይምረጡና በአንድ ስብስብ ውስጥ አይቀላቅሉ። ከቦታው አንስተው ሌላ ቦታ ላይ አስቀምጠው «እንዲህ አገኘሁት» ማለት ነው ማጭበርበር የሚባለው።

ጥገናውን የሸፈነ ጭቃ ካለ ደርቆ ሲፈርፈር በለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት፤ ውኃና ሳሙና ግን ጥላሸቱን፣ ላቡንና የዝገቱን ዱካ ይዞ ይሄዳል። መርፌ፣ የመድኃኒት ብልቃጥና ፈሳሹ የወጣ የባትሪ ድንጋይ በእጅዎ አይንኩ፤ እነዚህን ፎቶ ካነሱም በወደቁበት ያንሱ። ደግሞም ሣር ውስጥ ወይም አጥር ሥር የተቀመጠ የሞላ ማዳበሪያ ሲያዩ የተጣለ አይምሰልዎ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ለቃሚ ወይም ቁራሌው እስኪመለስ ያኖረው ንብረቱ ነውና ከውስጡ አንዳች አይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ቆሼ ሄጄ የሚለቅሙ ሰዎችን ከሚለቅሟቸው ዕቃዎች ጋር ማንሳት እፈልጋለሁ። ጓደኞቼ «ኃይለኛ ፎቶ የሚገኘው እዚያ ነው» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከዓለም ገና)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ጓደኞችዎ «ኃይለኛ» ያሉት ነገር ያሳስበናል። ቆሼ በተከፈተበት ዘመን ከከተማዋ ዳር የነበረ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ሲቀበል የኖረና ከተማዋ ተስፋፍታ የከበበችው ስፍራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች አልቀውበታል፤ ከሞቱት ብዙዎቹ በአጠገቡ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ እናቶችና ልጆች ናቸው። በማግሥቱ ዓመት፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም.፣ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ እዚያው አጠገብ ተመረቀ። እንግዲህ የሚሄዱት ሐዘን ወደ ተቀመጠበት ሰፈር ነው። ለምስል ኃይል ፍለጋ ብቻ የሚገባ ሰው ያለ ዕውቀት የሰውን ለቅሶ ይረግጣል።

ሕጉም የሚለው አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ሊታይ፣ ሊባዛ ወይም ሊሸጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 28 ለሕዝብ ጥቅም ካላቸው ወይም በአደባባይ ከተፈጸሙ ጉዳዮች ጋር ለተያያዘ ምስል ልዩ ሁኔታ ቢያስቀምጥም፣ አንድን ለቃሚ ለብቻው አቅርቦ በመመረቂያ ማሳያ አዳራሽ መስቀልን በዚያ ሥር ለማስገባት መሞከር አግባብ አይመስለንም። ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ምስሉ የት እንደሚታይ ይንገሩ፤ «አይሆንም» ቢሉዎትም አመስግነው ይለፉ። ስፍራውን ከሚያስተዳድረው አካልም አስቀድመው ፈቃድ ያግኙ።

እንዴት ሊሠራ እንደሚችል አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ብራዚላዊው ቪክ ሙኒዝ እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ዳርቻ፣ ጃርዲም ግራማሾ በተባለው ግዙፍ የቆሻሻ መጣያ ከሚሠሩ ለቃሚዎች ጋር ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። የእነርሱን መልክ በሰፊ ወለል ላይ ከለቀሟቸው ዕቃዎች፣ ከጎማ፣ ከክዳንና ከጨርቅ፣ ራሳቸውም በሥራው እየተሳተፉ አስነጠፈና ከላይ ሆኖ ፎቶግራፍ አነሳው። ከነዚህ ምስሎች አንዱ በለንደን ጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ለለቃሚዎቹ ማኅበር ሆነ። ስፍራው በ2012 ተዘግቷል። ይህ ሥራ ትችት አልተለየውም፤ እኛም ሁሉን ነገር የሚያስታርቅ ነው አንልም። ይሁን እንጂ የተነሱት ሰዎች ምስሉ ሲሠራ እዚያው ነበሩ፣ ሲሸጥም ድርሻ ነበራቸው።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ፍላጎት ቆሼን ለጊዜው ትተው እዚያው ዓለም ገና እንዲጀምሩ ነው። ከሰፈርዎ ቁራሌው ጋር አንድ ቀን አብረው ይዋሉ፤ ምን እንደሚገዛ፣ ምን እንደማይገዛና ለምን እንደማይገዛ ይጠይቁት። «ይሄ አይሸጥም» ብሎ የሚመልሳቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ ቢያነሱና በእያንዳንዱ ሥር እርሱ የሰጠውን ምክንያት ቢጽፉ፣ ከመምህራንዎ አንዱም አይቶት የማያውቅ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። ለዋለበት ጊዜ መክፈልዎን አይርሱ፤ እርስዎን ሲያስረዳ የሚቀርበት ገበያ አለ።

ጥያቄ፦ ከበረባሶና ከኮንጎ ጫማ ፎቶግራፎቼ አንዱን አንድ የቴሌግራም ገጽ ስሜን ሳይጠቅስ ለማስታወቂያ ተጠቀመበት። የቆሻሻ ፎቶ ስለሆነ መብት የለኝም ማለት ነው? (ከቡራዩ)

መልስ፦ የዕቃው ዋጋ ቢስ መሆን መብትዎን አይቀንሰውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ይጠብቃል፤ የጥበቃው ዘመንም ሥራው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ነገር ግን ብዙ ፎቶ አንሺዎች የማያስተውሉት ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ፎቶግራፉ የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መታተም፣ ወይም የሠሪውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ መያዝ ይኖርበታል። ለብቻው፣ ያለ ስም የተለቀቀ ምስል በክርክር ጊዜ የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጫማዎቹን ርእስ ሰጥተው፣ ቁጥርና ቀን ጽፈው በአንድ ስብስብ ያደራጁ፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይም ስምዎንና አድራሻዎን በትንሹ ያስፍሩ። ገጹን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች በመጀመሪያ በጽሑፍ ይንገሩ፤ ዋናው ፋይል በእጅዎ መኖሩ ትልቅ ማስረጃ ነው። በቴሌግራም ለሰው ሲልኩ እንደ ፎቶ ከላኩት ምስሉ ተጨምቆ መጠኑ ስለሚቀንስ፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለማተሚያ ቤት የሚሄደውን እንደ ፋይል ይላኩት፤ ለሌላው ሁሉ ግን የተጨመቀውን መስጠት ይበቃል። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ ሙሉ ፋይል በጥሩ ጥራት 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ድረስ ስለሚታተም፣ ያ ፋይል ከእጅዎ እስካልወጣ ድረስ ሌላ ሰው ከገጽ ላይ ቀድቶ ያንን የሚያህል ጥርት ያለ ኅትመት ማውጣት ይቸገራል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውን አዲስ ፎቶ ፌስት ለመሰለ መድረክ ማመልከት ቢያስቡም የሚጠየቁት ይህንኑ ነው፤ በአንድ ሐሳብ የተሳሰረ ስብስብ፣ አጭር መግለጫና ሙሉ መጠን ያላቸው ፋይሎች።